በሐኪም ቤት እንግሊዝኛ ስለ ግብረ ሥጋ ግንኙነት መነጋገር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በድሬዳዋ ከዚራ ሠፈር ለጤና ተማሪዎችና ለጀማሪ ነርሶች የማታ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ሲስቅና ሲከራከር ያመሸው ክፍል በድንገት አንገቱን የሚደፋው ታካሚን ስለ ግብረ ሥጋ ግንኙነት መጠየቅ ስንለማመድ ነው። የሕክምና ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ተማሪው ቃላቱን በቃሉ ይዟቸዋል፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ የምትመልስለት ታካሚ ፊት ሲቀመጥ ግን ምን ማለታቸው እንደሆነ ይምታታበታል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «መደበኛ ቃላቱ ሁሉ ለጨዋነት የተፈጠሩ ናቸው፤ አንዱ በሌላው ቢተካ ለውጥ የለውም።»

መነሻቸውን ላየ ሰው አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። ዛሬ ግብረ ሥጋ ግንኙነት ማለት የሆነው «ኢንተርኮርስ» እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በዋናነት የንግድንና የሰዎችን መቀራረብ የሚገልጽ ቃል ነበር፤ በድሮ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሁለት ወደቦች «ኢንተርኮርስ» አላቸው ቢባል መርከብ ይመላለሳል ማለት እንጂ ሌላ አይደለም። ሌላው የግንኙነት መጠሪያ «ኮይተስ» ከላቲን የመጣ ሲሆን አብሮ መሄድ ማለት ነው። በእኛም ዘንድ ሩካቤ የተገኘው ረከበ፣ ማለትም አገኘ፣ ከሚለው የግእዝ ግስ ነው፤ ብዙ ሰው ለመጥራት የሚያፍረው ወሲብ እንኳ አውሰበ፣ ማለትም አገባ፣ ከሚለው ጋር ይዛመዳል።

ዛሬ ግን በሕክምናው ቋንቋ እያንዳንዱ ቃል የራሱ ወሰን አለው። «ኮይተስ» የወንድ ብልት ወደ ሴት ብልት መግባቱን ብቻ ሲያመለክት፣ «ሴክሹዋል አክቲቪቲ» በአፍ፣ በፊንጢጣም ሆነ በእጅ የሚደረገውን ሁሉ ያጠቃልላል። ቂጥኝና ኸርፒስ በአፍ በሚደረግ ግንኙነትም ስለሚተላለፉ፣ ካርዱ ላይ «ኮይተስ የለም» ተብሎ መጻፉ ታካሚው ለበሽታ አልተጋለጠም ማለት አይደለም። ከተማሪዎቼ መካከል ይህን ልዩነት ከመጀመሪያው የሚይዙት ጥቂቶች ናቸው፤ ቃሉን የሚመርጡት በሚያሳፍራቸው መጠን እንጂ በሚናገረው ነገር አይደለምና።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «የላቲኑ ስም በራሱ ንጹሕ ነው።»

የሴት ብልት የሚባልበት «ቫጃይና» በላቲን የሰይፍ አፎት፣ የወንዱ «ፒኒስ» ደግሞ ጅራት ማለት ነበር። ክብራቸውን ያገኙት በሐኪሞች መጽሐፍ ውስጥ ለረጅም ጊዜ በመዋላቸው ነው። ከዚህ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው «ቫጃይና» የውስጡን መተላለፊያ ብቻ የሚመለከት መሆኑ ነው፤ ከውጭ የሚታየው ክፍል «ቨልቫ» ይባላል። ቁስሉ ከውጭ ሆኖ ሳለ «ቫጃይና» ብሎ የመዘገበ ነርስ የቁስሉን ቦታ ስቷል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «ሴክሹዋሊ አክቲቭ» የምትባለው ብዙ ወንድ የምታውቅ ሴት ናት።

ከሁሉም ይልቅ ሰው የሚያስቀይመው ይህኛው ነው። ሐረጉ ቃል በቃል ተመልሶ «በወሲብ ንቁ ነሽ?» ሲባል፣ ለአንድ ባሏ ታማኝ ሆና የኖረች እናት ስድብ ሆኖ ይሰማታል። በእንግሊዝኛው ግን ስለ ብዛትም ሆነ ስለ ጠባይ የሚናገረው ነገር የለም፤ ከአንድ ሰው ጋር እንኳ ቢሆን ግንኙነት የምታደርግ ሴት በዚሁ ቃል ትመዘገባለች። በሌላ በኩል ባሏ ጅቡቲ ሄዶ ሁለት ዓመት የቀረባት ሚስት «አዎ» ትበል ወይስ «አይ»? ስለዚህ ጥያቄው ጊዜ ቢወሰንለት ይሻላል፦ «እህቴ፣ ባለፉት ሦስት ወራት የግብረ ሥጋ ግንኙነት አድርገሻል?»

የተሳሳተ አመለካከት፦ «የእርግዝና መከላከያ መርፌ የምትወጋ ሴት ግንኙነቷ ፕሮቴክትድ (የተጠበቀ) ነው።»

ከእርግዝና አንጻር አዎ። የሦስት ወሩ መርፌ፣ እንክብሉ፣ በክንድ የሚቀበረውም ሆነ ሉፕ ግን አባላዘር በሽታን አይከላከሉም፤ ስለ አባላዘር በሽታ በሚጠየቅበት ቦታ «አንፕሮቴክትድ» ማለት ያለ ኮንዶም ማለት ነው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «መደበኛ ቃል ሁሉ የሐኪም ቃል ነው።»

«አደልተሪ» (ባለትዳር ከትዳሩ ውጪ የሚያደርገው ግንኙነት) እና «ፎርኒኬሽን» (ሳይጋቡ የሚደረግ ግንኙነት) መደበኛ ናቸው፤ ቦታቸው ግን ፍርድ ቤትና ስብከት ነው። ዝሙት ብሎ የጠየቀ ነርስ ከጥያቄው በፊት ፈርዷል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «ታካሚዋ ቃሉን ካወቀችው ተግባብተናል።»

አንዲት ተማሪዬ በልምምድ ላይ ሳለች አልጋ የያዘችን ሴት «ዲስቻርጅ አለሽ?» ብላ ትጠይቃለች። ሴትዮዋ ደንግጣ «ኧረ ገና ዛሬ ጠዋት መተኛቴ ነው!» አለቻት። በሐኪም ቤት ግቢ «ዲስቻርጅ ሆነች» ማለት ወደ ቤቷ ተሰናበተች ማለት መሆኑን አስታማሚ ሁሉ ያውቃልና መልሷ ትክክል ነበር። ተማሪዬ የፈለገችው ግን ሌላውን ፍቺ፣ ከብልት የሚወጣውን ፈሳሽ ነው። «ከወትሮው የተለየ ፈሳሽ ይወጣሻል? ቀለሙና ሽታውስ?» ብትል ኖሮ ሁለቱም ባልተደናገጡ።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «የፈረንሳይኛው ቃል በእንግሊዝኛም ያስኬዳል።»

ይህ የእኛው ከተማ ስሕተት ሳይሆን አይቀርም። የባቡር ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ከደረሰ ወዲህ ፈረንሳይኛ በሠራተኛው አፍ ገብቶ ኖሯል፤ ዛሬም ከአዛውንቶች አንደበት አልጠፋም። በፈረንሳይኛ «ፕሬዘርቫቲፍ» ኮንዶም ነው፤ በእንግሊዝኛ «ፕሪዘርቫቲቭ» ምግብ እንዳይበላሽ የሚጨመር ማቆያ ነው። ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ አያቷን አማክራ የመጣች ተማሪ በመልመጃዋ ላይ «ታካሚው ሁልጊዜ ፕሪዘርቫቲቭ ይጠቀማል» ብላ ጻፈች። ከሥሩ «ኮንዶም» ብዬ አረምኩላትና፣ ለአባባ ግን ፈረንሳይኛቸው እንዳልተሳሳተ እንድትነግርልኝ አደራ አልኳት።