ኮንሰርቲና እና ሃርፕ በአየርላንድ ባህላዊ ሙዚቃ

የአየርላንድ ባህላዊ ሙዚቃ ከሞላ ጎደል የጭፈራ ሙዚቃ ነው። ሪል፣ ጂግ እና ሆርንፓይፕ ከሚባሉት ዜማዎች አብዛኞቹ ሁለት ክፍል አላቸው፤ እያንዳንዱ ክፍል ስምንት ባር (እኩል የምት ክፍል) ሆኖ ሁለት ጊዜ ይሰማል፤ ተጫዋቾቹም ሁለት ሦስት ዜማ እያከታተሉ ሳያቋርጡ ይዘልቃሉ። ትምህርቱ በአብዛኛው በጆሮ ነው። ከጭፈራው ውጭ የሚቆመው ጥብቅ ምት የማያስረው ዘገምተኛ ዜማ ሲሆን፣ መሠረቱ በአይሪሽ ቋንቋ የሚዘፈነው የቀድሞ እንጉርጉሮ ነው። ኮንሰርቲና (በእጅ የሚያዝ ትንሽ ባለ ወናፍ ሳጥን) እና ሃርፕ (በጣት የሚደረደር ባለ ብዙ አውታር መሣሪያ) ዛሬ በዚህ ሙዚቃ ውስጥ ጎን ለጎን ቢሰሙም አመጣጣቸው ለየቅል ነው። ሃርፕ በመኳንንት አዳራሽ ኖሮ ከጌቶቹ ጋር የወደቀ መሣሪያ ነው፤ ኮንሰርቲና ደግሞ ከፋብሪካ ወጥቶ በርካሽ ዋጋ ወደ ገበሬ ቤት የገባ የ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግዳ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሃርፕን በአማርኛ «በገና» ብሎ መተርጎም የተለመደ ነው፤ ሆኖም ሁለቱ የተለያዩ መሣሪያዎች ናቸው። የበገና አውታሮች ከቀንበሩ ወርደው በገበቴው ፊት ላይ፣ በበርኩማው በኩል ያልፋሉ። የሃርፕ አውታሮች ግን ከገበቴው ፊት በቀጥታ ተነሥተው ወደ ላይኛው አንገት ይሄዳሉ፤ ርዝመታቸውም እየቀነሰ ስለሚሄድ መሣሪያው የሦስት ማዕዘን ቅርጽ ይይዛል።

የጥንቱ የአየርላንድ ሃርፕ የናስ ሽቦ አውታር ነበረው። ደርዳሪው መሣሪያውን በግራ ትከሻው ላይ አስደግፎ፣ ቀጭኑን ድምፅ በግራ እጁ፣ ወፍራሙን በቀኝ እጁ፣ ባሳደገው ጥፍሩ ይነካ ነበር። የሽቦ ድምፅ እንደ ደወል ረጅም ጊዜ ስለሚያስተጋባ የሙያው ግማሽ አውታሩን መንካት፣ ግማሹ ደግሞ ቀድሞ የተነካውን በጣት ጫፍ እየዳሰሱ ዝም ማሰኘት ነበር። በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ የሚገኘው፣ በ14ኛው ወይም በ15ኛው ክፍለ ዘመን እንደተሠራ የሚገመተው ሃርፕ የዚህ ዓይነት ነው። በ1014 በሞተው በንጉሥ ብሪያን ቦሩ ስም ይጠራል፤ ግን ንጉሡ ከሞተ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የተሠራ በመሆኑ ስሙ የአፈ ታሪክ ስም ብቻ ነው። ከ1922 ወዲህ የአገሪቱ መንግሥት አርማ የተቀዳው ከዚሁ ሃርፕ ነው።

ደርዳሪዎቹ በአይሪሽ ተናጋሪ ባላባቶች ቤት ደመወዝና ማዕረግ ያላቸው ባለሙያዎች ነበሩ። በ1607 የሰሜኑ ባላባቶች ወደ አውሮፓ ከተሰደዱ በኋላ ይህ ሥርዓት እየተናደ ሄደ፤ ደርዳሪዎችም ከቤት ቤት እየዞሩ ማደር ጀመሩ። ከዞሪዎቹ ስሙ ከሁሉ የገነነው ተርሎክ ኦካሮላን (1670–1738) ነው። በ18 ዓመቱ በፈንጣጣ ዓይኑ ጠፋ፤ አባቱ የሚሠራበት ቤት እመቤት ሃርፕ እንዲማር አደረገችና ፈረስና መሪ ሰጥታ አሰናበተችው። ባረፈበት ቤት ሁሉ ለአስተናጋጁ ክብር ዜማ ይደርስ ስለነበር ወደ 200 የሚጠጉ ዜማዎቹ ዛሬም ይጫወታሉ። በዘመኑ በደብሊን ይደመጥ የነበረው የጣሊያን ሙዚቃ በዜማዎቹ ላይ ጥላውን ማሳረፉ ይሰማል፤ ለአገሩ ጆሮ ግን ባዕድ አልሆኑም።

በሐምሌ 1792 በቤልፋስት በተጠራው የደርዳሪዎች ጉባኤ ላይ የተገኙት አየርላንዳውያን 10 ብቻ ነበሩ፤ ከእነሱም ስድስቱ ዓይነ ስውራን ነበሩ። ዜማዎቹን እንዲጽፍ የተቀጠረው የ19 ዓመቱ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች ኤድዋርድ በንቲንግ ነው። በዚያ ጉባኤ በጥንቱ ሥርዓት በጥፍሩ የደረደረው የ97 ዓመቱ ዴኒስ ሄምፕሰን ብቻ ነበር። በንቲንግ ሥራውን ዕድሜ ልኩን ቀጥሎ ሦስት የዜማ ስብስቦችን አሳተመ። ይሁን እንጂ ዜማዎቹን ለፒያኖ አስማምቶ ስላወጣቸው፣ ሽቦውን በጥፍር የመንካቱ ጥበብ ራሱ በወረቀት ላይ ሙሉ በሙሉ አልሰፈረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጆን ኢጋን የተባለ የደብሊን ሠሪ የአንጀት አውታር ያለው፣ በጣት ሥጋ የሚነካ ትንሽ ሃርፕ አወጣ። ዛሬ «የአየርላንድ ሃርፕ» የሚባለው ዝርያው ከዚህ ነው፤ ከትሪኒቲው ሃርፕ ጋር ያለው ዝምድና ከመልክ ብዙም አያልፍም።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሃርፕ ከሚነካው ሰው ይልቅ በሳንቲም ላይ የሚያየው ሰው ይበዛ ነበር። ትምህርቱን በአብዛኛው ያቆዩት የመነኮሳይት ትምህርት ቤቶች ሲሆኑ፣ መሣሪያው የሚያገለግለውም ዘፈን ለማጀብ ነበር። በ1960 «የሃርፕ ወዳጆች» የሚል ትርጉም ያለው ስም ይዞ የተቋቋመው ካርጄ ና ክሪቼ መምህራንንና መጻሕፍትን አበራከተ። ወደ ጭፈራ ዜማ የተደረገው ሽግግር ግን በ1970ዎቹ የመጣ ሲሆን፣ በዚህ ረገድ ቀድሞ የሚነሣው የኮርኳ ሞራ ኒ ሃሃሲ ስም ነው። ሪልን በተገቢው ፍጥነት ለመጫወት፣ ፊድል (ቫዮሊን) እና የአየርላንድ ባግፓይፕ (በወናፍ የሚነፋ ቧንቧ) የሚያወጡትን ጌጥ በሃርፕ አውታር ለማውጣት የሚስማማ የጣት ቅደም ተከተል ማበጀት ነበረባት። ዩኔስኮ የአየርላንድን የሃርፕ ጥበብ በ2019 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሯል።

የኮንሰርቲና ታሪክ አጭር ነው። መሣሪያው መካከሉ ወናፍ፣ ሁለቱ ጎኖቹ ቁልፍ የተደረደረባቸው፣ በሁለት እጅ የሚያዝ ባለ ስድስት ማዕዘን ሳጥን ነው፤ ድምፁን የሚሰጡት አየር ሲያልፍባቸው የሚርገበገቡ ቀጫጭን የብረት ምላሶች ናቸው። በለንደን ቻርልስ ዊትስቶን፣ በጀርመን ኬምኒትዝ ደግሞ ካርል ኡህሊግ በ1830ዎቹ አካባቢ ለየብቻቸው ሠሩት። የዊትስቶን ዓይነት ወናፉ ሲገፋም ሲሳብም አንድ ድምፅ ይሰጣል፤ የኡህሊግ ዓይነት ግን አንዱ ቁልፍ ወናፉ ሲገፋ አንድ፣ ሲሳብ ሌላ ድምፅ ያወጣል። አየርላንዶች የመረጡት ከሁለተኛው የተወለደውን፣ አንግሎ የሚባለውን ነው። ዛሬ የተለመደው 30 ቁልፍ በሦስት ረድፍ የያዘ ሲሆን፣ ሁለቱ ዋና ረድፎች ሲ እና ጂ በሚባሉት የሙዚቃ ድምፆች የተቃኙ ናቸው። የመግፋትና የመሳቡ መለዋወጥ ለዜማው ተፈጥሯዊ ምት ስለሚሰጠው፣ ለጭፈራ የተፈጠረ ይመስላል።

ኮንሰርቲና በምዕራብ አየርላንድ በክሌር አውራጃ ሥር የሰደደውን ያህል በሌላ ቦታ አልሰደደም። ጭፈራው በገበሬ ቤት ኩሽና፣ በድንጋይ ወለል ላይ ይደረግ ነበር፤ ትንሹ ሣጥንም ለዚያ ጫጫታ የሚበቃ ድምፅ ነበረው። ብዙ ሴቶች ስለሚጫወቱት የሴቶች መሣሪያ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። በኪልረሽ ከተማ ከባሏ ጋር መጠጥ ቤት የነበራት ኤልዛቤት ክሮቲ (1885–1960) በ1950ዎቹ በሬዲዮ ስትሰማ አገር ሁሉ አወቃት። በ1935 የወጣው የጭፈራ አዳራሾች ሕግ የቤት ውስጥ ጭፈራውን አዳክሞት ነበር፤ አኮርዲዮንም እየተስፋፋ ኮንሰርቲናን ወደ ጥግ ገፍቶት ነበር።

የቀድሞዎቹ ተጫዋቾች በአንድ የቁልፍ ረድፍ ላይ ብቻ ተወስነው፣ አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ዜማ በቀጭንና በወፍራም ድምፅ ባንድነት ያሰሙ ነበር። የፊድል ተጫዋቾች ግን የሚወዱት ቅኝት ዲ ነው፤ ለዲ የሚያስፈልገው ኤፍ ሻርፕ (ግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ ኤፍ) በጂ ረድፍ፣ ሲ ሻርፕ ደግሞ በሦስተኛው ረድፍ ይገኛል። ስለዚህ ከፊድል ጋር ለመጫወት የሚሻ ሰው ረድፎቹን እየተሻገረ መጫወት ይኖርበታል። በክሌር ይህን መንገድ በማስፋፋት የሚታወቀው ፓዲ መርፊ (1913–1992) ነው፤ የእሱን ፈለግ የተከተለው ኖኤል ሂል ደግሞ ስልቱን አራቅቆ ለብዙ ተማሪዎች አስተምሯል። ከ1973 ጀምሮ በየዓመቱ በሐምሌ በሚልታውን ማልቤይ የሚካሄደው የዊሊ ክላንሲ የክረምት ትምህርት ቤት ለኮንሰርቲና ተማሪዎች ዋነኛ መሰባሰቢያ ነው።

ሁለቱ መሣሪያዎች አብረው ሲጫወቱ የመጀመሪያው ጉዳይ ቅኝት ነው። የኮንሰርቲና ምላስ በሞረድ ካልተነካ ድምፁ አይለወጥም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ የሚቃኘው ሃርፑ ነው። በተለይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩ የለንደን ኮንሰርቲናዎች ከዛሬው መለኪያ ወጣ ያለ ቅኝት ሊኖራቸው ይችላል፤ ያኔ የሃርፑ አውታሮች ሁሉ (ብዙውን ጊዜ 34) አንድ በአንድ ይቃኛሉ። ሃርፑ ብዙውን ጊዜ በኢ ፍላት (ግማሽ ድምፅ ዝቅ ባለ ኢ) ስለሚቃኝ፣ ወደ ዲ ለመሄድ የኢ፣ የኤ፣ የቢ፣ የኤፍ እና የሲ አውታሮች ማንሻዎች (የአውታሩን ድምፅ በግማሽ ከፍ የሚያደርጉ ትናንሽ መዘውሮች) በየኦክታቩ (በየስምንት ድምፁ ክልል) መነሣት አለባቸው፤ በዜማዎች መካከል ወደ ጂ ለመሸጋገር ግን የሲን መመለስ ብቻ ይበቃል።

ቀጥሎ የሚመጣው የድምፅ ሚዛን ነው። ኮንሰርቲና ስለታም ድምፁን በሁለቱም ጎን ያወጣል፤ ሃርፕ ለስላሳ ነው፤ ድምፁም ወዲያው መክሰም ይጀምራል። ስለዚህ ኮንሰርቲናው ዜማውን ብቻውን በቀጭኑ ይዞ ወፍራሙን ለሃርፑ ግራ እጅ ቢተው ይበጃል፤ ሁለቱም ኮርድ (ባንድ ጊዜ የሚሰሙ ድምፆች ጥምረት) ከያዙ ምቱ ይጨማለቃል። በዘገምተኛው ዜማ ሚናው ሊገለበጥ ይችላል፦ ወናፉ አንዱን ድምፅ ረዘም አድርጎ ሲይዝ ሃርፑ በዙሪያው ይመላለሳል። የሊሜሪኳ ሚሼል መልካሂ ሁለቱንም መሣሪያዎች የምትጫወት በመሆኗ ልዩነቱ በአንድ ሰው እጅ ሊሰማ ይችላል። ተጫዋቾች በየመጠጥ ቤቱ ክብ ሠርተው በሚቀመጡበት ምሽት ኮንሰርቲና አይጠፋም፤ ሃርፕ ግን ለመሸከምም ከባድ፣ በጫጫታ መካከልም የማይሰማ በመሆኑ በዚያ የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው።