«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»፦ የብዙ ዘርፍ ዕውቀት በአንድ ከያኒ እጅ

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር በሐረርም ሆነ በድሬዳዋ በዕድር ስብሰባ፣ በማኅበር ምሥረታና መዋጮ በሚጠየቅበት ቦታ ሁሉ ይሰማል። የሚነገረውም አብዛኛውን ጊዜ ብቻቸውን አቅም ያነሳቸው ሰዎች ቢተባበሩ ከባዱን ነገር እንደሚወጡት ለማስረዳት ነው። ይህ ትርጓሜ ትክክል ቢሆንም አባባሉን ሙሉ በሙሉ የሚገልጽ አይመስለኝም። በአንድ ሰው አእምሮ ውስጥ ተሰብስበው ስለሚሠሩ ልዩ ልዩ ዕውቀቶች፣ በተለይም ስለ ከያኒ፣ ከዚህ የተሻለ የሚናገር አባባል ማግኘት ያስቸግራል።

የአባባሉ ምንጭ ከምስሉ ይነበባል። ድር ሸማኔው በቁመት የሚወጥረው ፈትል ነው፤ በአግድም የሚገባው ደግሞ ማግ ይባላል። የሸረሪትንም ክር ድር ስለምንለው አንዳንዱ ሰው አባባሉን ሲሰማ ሸማኔውን፣ አንዳንዱ ሸረሪቷን ያስባል፤ በሁለቱም በኩል ግን አንዱ ክር ለብቻው በጣት የሚበጠስ ደካማ ነገር ነው። አንበሳ የተመረጠው ኃያልነቱ ለማንም ስለማያጠያይቅ ነው፤ «ያብር» እና «ያስር» ቤት መምታታቸውም አባባሉን ከአፍ ወደ አፍ ሳይዛነፍ እንዲያልፍ ረድቶታል። የነገሩ ቁልፍ «ቢያብር» የሚለው ላይ ነው። አባባሉ «ድር ቢበዛ» አላለም፤ ሳይያያዝ የተከመረ ፈትል ምንም ያህል ቢበዛ አንበሳ ቀርቶ ፍየል አያስርም።

ለዚህ ሐረር ውስጥ ቅርብ ምስክር አለ፤ እርሱም የሐረሪ ሴቶች ስፌት ነው። ሰፊዋ የውስጡን ሣር በቀጭኑ ጠቅልላ ትይዛለች፤ በወስፌ ትበሳለች፤ በውኃ የለሰለሰውን አለላ በቀዳዳው አሳልፋ ትስባለች፤ ከዚያም እንደገና ትበሳለች። ከመሃል ተነሥቶ የሚዞረው ስፌት በእያንዳንዱ ዙር ስለሚሰፋ የሚበሳውም ቀዳዳ እየጨመረ ይሄዳል፤ ስለዚህ መሃል ላይ የተጀመረው ኮከብ ጠርዝ ሲደርስ እንዳይጣመም ጭማሪውን በየክንፉ እኩል ማካፈል ያስፈልጋል። ይህ ሒሳብ ነው፤ ወረቀትና እርሳስ አለመያዟ ሒሳብነቱን አያስቀረውም። በዚህ ላይ ሣሩ በየትኛው ወቅት እንደሚታጨድ፣ የትኛው ቀለም ሲደርቅ እንደሚደበዝዝ፣ የትኛው ስፌት ለሠርግ፣ የትኛው ለቤት አገልግሎት እንደሚሆን ማወቅ ይጠበቅባታል። ቤቱንም ማወቅ አለባት፤ በሐረሪ ቤት ስፌቱ የሚሰቀለው ነደባ (ከወለሉ ከፍ ብሎ የተሠራ መቀመጫ) ላይ ለተቀመጠ እንግዳ ፊት ለፊት በሚታየው ግድግዳ ላይ ስለሆነ፣ ንድፉ ከእጅ ርቀት ብቻ ሳይሆን ከክፍሉ ማዶም መነበብ ይኖርበታል። ቱሪስት ስፌቱን ገዝቶ ሲሄድ «የእጅ ሥራ» ብሎ ያልፈዋል፤ እኛም ብንሆን ብዙ ጊዜ ከዚያ የተሻለ አላልንም።

ሁለተኛው ምስክር ከከተማዋ ጋር በሥራው የተሳሰረው ሰዓሊ፣ ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 አንኮበር ተወልዶ በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምህንድስና እንዲማር ነበር፤ ዝንባሌው ወደ ሥነ ጥበብ ቢወስደውም በለንደኑ የስሌድ ትምህርት ቤት ያጠናው ሥዕልን ብቻ ሳይሆን ቅርጻ ቅርጽንና ሥነ ሕንፃንም ጭምር ነው። ቆይቶም በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት የሚገኙትን በሥዕል ያጌጡ የኢትዮጵያ ብራናዎች መርምሯል፤ የባለ ቀለም መስታወት ሥራንም አጥንቷል። በአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር ያህል የሚሸፍነው የመስታወት ሥራው የተወለደው ከእነዚህ ሁሉ ነው። በእንዲህ ያለው ሥራ ሰዓሊው ቀለሙን የሚያየው ሸራ ላይ እንዳለ ቀለም አይደለም፤ ፀሐይ ከየት በኩል እንደምትገባና ሕንፃው ምን ያህል ክብደት እንደሚሸከም አስቀድሞ ያሰላል፤ የምስሎቹን ሰልፍና የዓይናቸውን አነጋገር ደግሞ ከብራናው ሊበደር ይችላል። በሐረር አደባባይ ቆሞ የነበረውን፣ በ2012 ዓ.ም. የፈረሰውን የራስ መኮንን ሐውልትም የሠራው እርሱ ነው። ፈረሰኛን በሐውልት ማቆም የጥበብ ብቻ ጥያቄ አይደለም፦ የፈረሱን አጥንትና ጡንቻ ያላወቀ ሰው ፈረሱን ሕይወት አይሰጠውም፤ የክብደትን ሕግ ያላወቀ ደግሞ ያን ሁሉ አካል በቀጫጭን እግሮች ላይ አያቆመውም።

እዚህ ላይ ሌላ አባባል ከፊታችን ይደቀናል፤ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም»። ሽማግሌዎች ይህን የሚሉት ሁሉን ልያዝ የሚል ሰው አንዱንም ሳይጨብጥ እንዳይቀር ለመምከር ነው፤ ምክሩም ልክ ነው። ሁለቱ አባባሎች የሚጋጩ የሚመስሉት ግን «ቢያብር» የሚለውን ስንዘነጋ ነው። ሒሳብን፣ ዕፅዋትንና የቤትን አሠራር የምታውቀው ሰፊ ብዙ ዛፍ ላይ አልወጣችም፤ ሁሉንም የምታውለው እዚያው ጭኗ ላይ ላለው አንድ ስፌት ነው። አፈወርቅም ለምህንድስናው መሐንዲስ፣ ለብራናው ጸሐፊ አልሆነም። ዛሬ ሥዕልም፣ ፎቶግራፍም፣ ሙዚቃም፣ ዲዛይንም እሠራለሁ የሚል ወጣት በርካታ ነው፤ ልጠይቀው የምወደው የያዛቸው ሙያዎች ስንት እንደሆኑ ሳይሆን ፎቶግራፉ ለሥዕሉ ምን እንዳስተማረው ነው።

ድሬዳዋ ደግሞ ድሩን ከመንገድ የለቀመ ከያኒ ነበራት። ከተማዋ የባቡሩ ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ሲደርስ የተቆረቆረች ናትና ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ዓረቡና የውጭ አገሩ ሰው ከመነሻዋ ጀምሮ ጎን ለጎን ኖሮባታል። እዚያ የተወለደው ዓሊ ቢራ በልጅነቱ ዓረብኛ ተምሮ፣ በአፍረን ቀሎ የባህል ቡድን ውስጥ በወጣትነቱ አድጎ፣ ዑድና ጊታር በእጁ ገብቶ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛ፣ በዓረብኛና በአፋርኛ ዘፍኗል። ቋንቋ ማወቅ ብቻውን ዘፋኝ አያደርግም፤ በድሬዳዋ ገበያ ውስጥ አራት አምስት ቋንቋ የሚናገር ባለ ሱቅ ሞልቷል። የዓሊ ልዩነት ከዓረቡ ዑድ የሰማውን አመታት ለኦሮምኛው ግጥም አካሄድ ማስገዛቱ ነው፤ ስለዚህም ዘፈኑን የሰማ ሰው የመሣሪያውን አገር ሳያስብ ግጥሙን ይከተላል።