«ከልክያችሁ አልነበረም?»

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ ውድ እህቶቼ።

ዛሬ ስለ ካንሰር ነው የማወራችሁ። አዲስ ዓለምም ሆነ ሌላው የጎንደር ሰፈር፣ ብዙዎቻችን ስሙን ጮክ ብለን አንጠራውም። አንዷ እህታችን ገላዋን ስትታጠብ ጡቷ ላይ ሽንብራ የምታክል እብጠት በጣቷ ታገኛለች። ለእናቷ አትነግርም፣ ለባሏም አትነግርም። ጥቁር አዝሙድ በማር ትወስዳለች፣ ሩቅያ (ለፈውስ ቁርኣን ማስቀራት) ታስደርጋለች፣ «አላህ ያውቃል» ብላ ትቀመጣለች። ሩቅያውም ማሩም ኸይር ነው። እብጠቱ ግን እዚያው ነው። በአገራችን ሴቶችን በብዛት የሚያጠቁት የጡትና የማህፀን በር ካንሰር ናቸው፤ ሁለቱም ቶሎ ከተደረሰባቸው የመዳን ዕድላቸው ሰፊ ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) «የአላህ ባሮች ሆይ፣ ታከሙ» ብለዋል። ከእርጅና በቀር አላህ መድኃኒት ሳያወርድለት ያወረደው በሽታ የለም። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም (ሶርያና አካባቢዋ) ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ከመንገድ ሲመለሱ «ከአላህ ቀደር (ውሳኔ) ትሸሻለህን?» ተባሉ። «አዎ፣ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር» አሉ። ሐኪም ቤት መሄድም እንደዚሁ ነው።

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልምጣ። ሐኪሟ «አዲስ መድኃኒት እየተጠና ነው፤ በጥናቱ ትሳተፊያለሽ?» ቢላትስ? ቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚሰማው «መሞከሪያ ሊያደርጉሽ ነው!» የሚል ነው። ፍርሃቱ ይገባኛል፣ ከንቱ ነው አልልም። ግን በካንሰር ጥናት ላይ አብዛኛውን ጊዜ በሽተኛዋ ያለ ሕክምና አትተውም። አንዱ ወገን የተለመደውን ሕክምና ያገኛል፣ ሌላው አዲሱን፣ ወይም ሁለቱን አንድ ላይ። ለማን የቱ እንደሚደርስ ብዙ ጊዜ በዕጣ ይለያል። ብዙ የጡት ካንሰር ታማሚዎች ለ5 ዓመት የሚውጡት ታሞክሲፈን እንኳ፣ ከእነሱ በፊት ሌሎች ሴቶች ተስማምተው ስለተጠኑበት ነው የታወቀው። የእነዚያን ሴቶች ስም አናውቅም፤ አላህ ግን ያውቃቸዋል። እኛ ሁሌ ከጥናቱ ውጭ ከሆንን፣ መድኃኒቱ ለእኛ እንዴት እንደሚሆን ከየት ይታወቃል?

ይህን ስል «ሁላችሁም ግቡ» ማለቴ አይደለም። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን የእናታችንን የዓኢሻን (ረ.ዐ) ሐዲስ አስቡት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በታመሙ ጊዜ ቤተሰቡ በአፋቸው መድኃኒት ሊያጠጣቸው ሲል፣ እንዳያደርጉ በእጃቸው ጠቆሙ። «በሽተኛ መድኃኒት ይጠላል» ብለው አጠጧቸው። ሲነቁ «እንዳታጠጡኝ ከልክያችሁ አልነበረም?» አሉ። በቦታው ካልነበሩት ከአጎታቸው ከዐባስ በቀር፣ ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ ያንኑ መድኃኒት እንዲጠጣ አዘዙ። ያጠጧቸው እኮ በጣም የሚወዷቸው ሰዎች ናቸው! መውደዳቸው ግን የበሽተኛውን ፈቃድ አልተካም።

ስለዚህ ወንድሞቼ፣ ሐኪሙ እሷን ሲጠይቅ ቀድማችሁ አትመልሱ። መመካከር ሱና ነው። «እሺ»ም «እምቢ»ም የምትለው ግን ራሷ ናት፤ ሥቃዩም ተስፋውም የእሷ ገላ ላይ ነው።

እህቴ፣ አንቺም ጠይቂ። የምትመረምረኝ ሴት ሐኪም ትኖራለች? ከሌለች ለሕክምና የግድ የሚያስፈልገውን ያህል መገለጥ በሸሪዓችን ይፈቀዳል፤ አብሮሽ ሰው ይግባ። ካፕሱሉ ከምን ተሠራ፣ ሐላል ነው? ረመዳን ሲገባስ? ሕመምተኛ ሌላ ቀን እንዲጾም ቁርኣን ፈቅዷል። የጎንዮሽ ጉዳቱ ምንድን ነው? ብጎዳ ማን ያክመኛል? ጥናቱን ባቋርጥ የተለመደው ሕክምናዬ ይቀጥላል? መቀጠል አለበት፤ በማንኛውም ሰዓት መውጣት መብትሽ ነው። የስምምነት ወረቀቱን እዚያው ካልገባሽ አትፈርሚ፣ የጣት አሻራም አታድርጊ። ቤት ይዘሽው ሂጂ፣ የተማረች ልጅሽ ታንብብልሽ። ኢስቲኻራ (አላህ መልካሙን እንዲመርጥልሽ የምትለምኚበትን ሶላት) ስገጂ። ሃይማኖታዊው ነገር ካስጨነቀሽ የምታምኚውን ዓሊም ጠይቂ፣ ስለ መድኃኒቱ ደግሞ ሐኪሙን።

ያ ረብ፣ ለታመሙ እህቶቻችን ሁሉ ሙሉ ሺፋ ስጣቸው። አሚን።