ደረቅ ኮንታክት ምንድን ነው?

ሐዋሳ ውስጥ በጎረቤቴ የሚኖሩ አንዲት እናት የእንቁላል መፈልፈያ አላቸው። መብራት ሌሊት ሲጠፋ የሚቀሰቅሳቸው ነገር እንድሠራላቸው ጠየቁኝ። በባትሪ የሚሠራ አርዱዊኖ ኡኖ (በኮድ የሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ) መብራቱን ይጠብቅ፣ ሲጠፋ ይጩህ አልኩ። ግን ሶኬቱ 220 ቮልት ነው፤ የኡኖ ፒን (ሽቦ የሚሰካበት መግቢያ) የሚችለው 5 ቮልት ነው። ሁለቱን ሳይነካኩ የሚያገናኛቸው ሪሌይ ነው።

ሪሌይ ውስጥ ኮይል (የሽቦ ጥቅልል) እና ኮንታክት (የሚገጥሙና የሚለቁ ብረቶች) ተለያይተው ነው የሚኖሩት። ኮይሉ 220 ሲያገኝ ማግኔት ሆኖ ኮንታክቱን ቀጭ አድርጎ ያገጥመዋል። በእኔው ባለ 8 እግር ሪሌይ ላይ ኮይሉ እግር ቁጥር 13 እና 14፣ ኮንታክቱ 9 እና 5 ነው። ኮንታክቱ ከውጭ ምንም ቮልቴጅ ካልገባበት፣ እንደ ተራ ማብሪያ ማጥፊያ መግጠምና መልቀቅ ብቻ ከሆነ ሥራው፣ «ደረቅ» ይባላል። 12ም ሆነ 220 ከገባበት እርጥብ ነው፤ ወደ ፒን አይቀርብም።

ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። ከአሮጌ የፓምፕ ሳጥን የወጡ ሁለት ሽቦዎችን ደረቅ ናቸው ብዬ ሳልለካ ፒን ላይ ሰካኋቸው። 12 ቮልት ነበረባቸው፤ ቦርዱ እዚያው ሸተተ። አሁን ኮንታክቱ ተዘግቶም ተከፍቶም፣ በኤሲም በዲሲም እለካለሁ። ሪሌዩ ሁለት ጥንድ ኮንታክት ቢኖረው እንኳ አንዱን ለ220 አምፖል፣ ሌላውን ለፒን ማድረግ አልወድም።

አገጣጠሙ አጭር ነው፦ አንዱ የኮንታክት ጫፍ ወደ ፒኑ፣ ሌላው ወደ ግራውንድ (የቦርዱ 0 ቮልት)። ብዙ ጀማሪ 5 ቮልቱን በኮንታክቱ በኩል ወደ ፒኑ ይልካል። ታዲያ ኮንታክቱ ሲለቅ ፒኑ የሚይዘው አጥቶ ይንሳፈፋል፤ አንዴ 1 (ቮልቴጅ አለ)፣ አንዴ 0 (የለም) ያነባል። መፍትሔው ፑልአፕ ነው፤ ፒኑን በሬዚስተር (ፍሰትን በሚገድብ ዕቃ) ወደ 5 ቮልት ስቦ የሚያቆይ። የኡኖ ቺፕ ውስጥ ከ20 እስከ 50 ኪሎ ኦም የሆነ አለ፣ በኮድ ይከፈታል። ለረጅም ሽቦና ለትልቅ ኮንታክት ግን ይደክማል፤ የሚያሳልፈው ከሩብ ሚሊ አምፔር አይበልጥም፣ በቆሸሸ ኮንታክት ላይ ያ አይበቃም። እኔ ከውጭ 1 ኪሎ ኦም እጨምራለሁ፣ ወደ 5 ሚሊ አምፔር ይሰጣል። በኮንታክቱ የሚያልፈው የቦርዱ የራሱ ቮልቴጅ ስለሆነ ያው ሪሌይ በ3.3 ቮልት ለሚሠራው ሌላ ቦርድ፣ ለኢኤስፒ32ም ይሆናል፤ ፑልአፑ ወደ 3.3 ይታሰር እንጂ።

ኮንታክት ሲገጥም ለጥቂት ሚሊ ሰከንድ ይነጥራል፤ 50 ሚሊ ሰከንድ ቆይቶ ደግሞ ማንበብ ይበቃል።

ንባቡ ተገላቢጦሽ ነው፤ መብራት ሲኖር 0፣ ሲጠፋ 1። ጎረቤቴ አንድ ቀን «ልጄ፣ መብራት አለ እኮ፣ ይኼ ለምን ይጮሃል?» ብለው ጠሩኝ። ግቢ ውስጥ የዘረጋሁትን ሽቦ ዶሮ ነቅላው ነበር።