ተኩላ ንጉሥ የለውም፤ ጅብም ሌባ አይደለም

ስለ ዱር እንስሳት የምናወራው ብዙው ነገር አንዱ ያለውን ሌላው ተቀብሎ ያስተላለፈው ነው። የሚገርመው ግን የተወሰነው ስህተት የመነጨው ከራሳቸው ከተመራማሪዎች ነው። እንስሳውን ያዩት በማይሆን ቦታ ወይም በማይሆን ሰዓት ነበር። (ከታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

"የተኩላ መንጋ የሚመራው ሁሉን ደብድቦ ሥልጣን የያዘው አልፋ ነው"

ይህ ወሬ ከጫካ ወጥቶ የአለቆች ምክር እስከመሆን ደርሷል። መነሻው ሩዶልፍ ሸንከል የተባለ ተመራማሪ በ1947 ያሳተመው ጥናት ነው። ሰውየው ሥራውን በጥንቃቄ ነው የሠራው። ችግሩ ያጠናቸው ተኩላዎች በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ የተዘጋባቸው መሆናቸው ነው። የተጣላ ተኩላ ጥሎ የሚሄድበት ቦታ አልነበረውም። በ1970 ዴቪድ ሜች የተባለው አሜሪካዊ ይህንኑ ሐሳብ በመጽሐፉ አስገባው፤ መጽሐፉም በሰፊው ተነበበ።

ከ1986 ጀምሮ ግን ሜች ራሱ በካናዳ አርክቲክ ወደምትገኘው ኤልስሚር ደሴት በየበጋው እየሄደ የዱር ተኩላዎችን በቅርብ መከታተል ጀመረ። ያገኘው ንጉሥና ተገዢ ሳይሆን ቤተሰብ ነው፤ እናት፣ አባትና ልጆች። "አልፋ" የተባሉት ወላጆች ናቸው። ልጆቹ ሲጎለምሱ አባታቸውን አይገለብጡም። ጥለው ይሄዳሉ፣ ጓደኛ ያገኛሉ፣ የራሳቸውን ቤተሰብ ይመሠርታሉ። ሜች በ1999 ይህንን ጽፎ አወጣ። የድሮው መጽሐፉ መታተሙ እንዲቆምም አሳታሚውን ለዓመታት ወተወተ። ከአንድ በላይ የምትወልድ ሴት ባለበት ትልቅ መንጋ ውስጥ የደረጃ ፉክክር መኖሩ አይካድም። ግን እሱ ዋናው ደንብ አይደለም።

"ጅብ የአንበሳን ትራፊ ለቃሚ ነው"

ጠዋት በመኪና የሚዞር ሰው የሚያየው አንበሳ ሲበላ፣ ጅቦች ደግሞ ዙሪያውን ከበው ሲያንዣብቡ ነው። ፍርዱ ያኔውኑ ይሰጣል። ተመራማሪው ሃንስ ክሩክ በ1960ዎቹ ታንዛኒያ ውስጥ በሰሬንጌቲና በንጎሮንጎሮ ሲሠራ ግን ሌሊቱንም አብሯቸው ቆየ። ጅቦቹ በቡድን ሆነው ራሳቸው ያድናሉ። ጩኸታቸውን የሰማ አንበሳ ይመጣና ሥጋውን ይቀማቸዋል። በተለይ በንጎሮንጎሮ፣ ጠዋት ላይ "ሌባ" የሚመስለው ብዙ ጊዜ ሌሊት የተዘረፈው ነው! ይህ የነጠብጣባሙ ጅብ ታሪክ ነው። ባለመስመሩ ጅብ በአብዛኛው የሞተ እንስሳ ላይ ይተማመናል፤ ሁለቱን ማደባለቅ አይገባም።

እያንዳንዱ ጅብ ወንድም ሴትም ነው የሚለውም ስህተት ነው። የነጠብጣባሟ ሴት ጅብ ብልት የወንዱን ስለሚመስል በዓይን መለየት ይከብዳል እንጂ ሴት ሴት ናት፣ ወንድም ወንድ። እንዲያውም በነጠብጣባሙ ጅብ ቡድን ውስጥ የበላይነቱ የሴቶቹ ነው። ግልገል ደረጃውን የሚወርሰው ከእናቱ ነው።

"የመስክ ምርምር ቁጭ ብሎ እንስሳ ማየት ነው"

ቢሆንማ ሁላችንም ተመራማሪ ነበርን። የሰው ዓይን ወደ ግርግር ይሳባል። ፀብ ካለ ፀቡን ያያል፤ ጥግ ላይ የተኛችውን እናት ይረሳታል። ማታ ማስታወሻውን ሲያነብ "እነዚህ እንስሳት ሥራቸው መጣላት ነው" ብሎ ይደመድማል። ተመራማሪዋ ዣን አልትማን በ1974 ባወጣችው ጽሑፍ ይህንን ችግር ፊት ለፊት ተጋፈጠችው። ከዘዴዎቹ አንዱ ይህ ነው፦ አንድ እንስሳ ቀድመህ ምረጥ፣ የተወሰነ ደቂቃ እሱን ብቻ ተከተል፣ ቢተኛም "ተኛ" ብለህ ጻፍ። አሰልቺ ነው፣ በጣም። ግን ያለ አድልዎ ማወዳደር የሚቻለው እንደዚያ ሲሆን ነው።

ትዕግሥቱ ምን አስገኘ? ኬንያ ውስጥ በአምቦሴሊ ከ1971 ጀምሮ የዝንጀሮዎች ሕይወት በዚህ መንገድ ይመዘገባል። በ2003 የወጣው ውጤት እንዳሳየው ከሌሎች ጋር አብረው የሚውሉና እርስ በእርስ ቅማል የሚለቃቀሙ እናቶች ልጆቻቸው የመትረፍ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። አንድም ፀብ ያልታየበት ደቂቃ ለካ መረጃ ነበር።

"የሰው እጅ የነካውን ጫጩት እናቱ ትጥለዋለች"

አብዛኞቹ ወፎች ልጃቸውን በሰው ጠረን ምክንያት አይጥሉም። ጎጆ አጠገብ መመላለስ ግን፣ በተለይ ወፏ ዕንቁላል ታቅፋ ሳለ፣ አስደንግጦ ሊያባርራት ይችላል። ችግሩ ጭንቀት ነው እንጂ ሽታ አይደለም። የዴንማርኩ መምህር ሃንስ ክርስቲያን ሞርቴንሰን በ1899 ወፎች እግር ላይ የአሉሚኒየም ቀለበት ማሰር ከጀመረ ወዲህ እጅግ ብዙ ወፎች ተይዘው፣ ተለክተው፣ ተለቀዋል። ዊዝደም የተባለችው አልባትሮስ (ትልቅ የባሕር ወፍ) በ1956 በሚድዌይ ደሴት ቀለበት ታሰረላት። በ2024ም ዕንቁላል ጥላለች።

ስለዚህ ቀለበት በጭራሽ አይጎዳም? አይ፣ እሱም ሌላ ስህተት ነው። ንጉሥ ፔንግዊኖች ክንፍ ላይ የሚታሰረው ማሰሪያ ለአሥር ዓመታት ሲጠና የታሰረባቸው ያፈሩት ጫጩት በ39 በመቶ አንሶ ተገኘ። ጥናቱ በ2011 ሲወጣ የድሮ መረጃዎችም ጥያቄ ውስጥ ገቡ። ማሰሪያው ራሱ ውጤቱን ሲያበላሽ ነበራ።

ወፎች አንዴ ከተጣመሩ ወዲያ ወዲህ አይሉም የሚለውንም በአጭሩ ልለፈው፦ አብሮ ማሳደግ አዎ፣ ታማኝነት ግን ሁልጊዜ አይደለም። በብዙ ዝርያዎች ጎጆ ውስጥ የተደረገ የዲኤንኤ ምርመራ የሌላ አባት ልጆች አግኝቷል።

"ጥበቃ ማለት ጠመንጃ ይዞ አዳኝ ማባረር ነው፤ ባህሪ ማጥናት ቅንጦት ነው"

ለእኔ ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው። በሕንድና በአካባቢዋ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ጥንብ አንሳዎች በጅምላ አለቁ። አንደኛው ዝርያ ከ99 በመቶ በላይ ቀነሰ። የተኮሰባቸው ግን የለም። መጀመሪያ የተጠረጠረው ተላላፊ በሽታ ነበር። በ2004 የወጣው ጥናት ጥፋተኛውን ለየ፤ ለከብት የሚሰጥ ዲክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ። መድኃኒቱን የወሰደ ከብት ሲሞት ሬሳውን የበላ ጥንብ አንሳ ኩላሊቱ ይቆማል። ጥንብ አንሳዎች አንድ ሬሳ ላይ ብዙ ሆነው ስለሚሰፍሩ ከመቶ ሬሳ አንድ እንኳ ሳይሞላ የተመረዘው ሁሉንም ለመጨረስ በቂ ነበር። ሕንድ፣ ኔፓልና ፓኪስታን በ2006 መድኃኒቱን ለከብት አገዱ። የትኛው ጠባቂ፣ በየትኛው ጠመንጃ ይህንን ያስቆመው ነበር?

የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮም እንዲሁ ነው። በመላ አገሪቱ ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 ያነሱ ናቸው፤ በፍጥነት የሚጨርሳቸው ደግሞ ከውሾች የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በ2003 ወረርሽኙ በባሌ ተራሮች አንዱን ሸለቆ ሲመታ እዚያ የነበሩት አብዛኞቹ ሞቱ። የቀሩትን ሁሉ ይዞ መከተብ የማይታሰብ ነበር። ስለዚህ ክትባቱ አንዱን ሸለቆ ከሌላው በሚያገናኙ መተላለፊያዎች ላይ ለሚኖሩት ቀበሮዎች ቅድሚያ ሰጠ፤ በሽታውም ወደ ሌሎቹ ሳይዛመት ቀረ። ለዚያ የትኛው ቤተሰብ የት እንደሚኖርና ማን ወዴት እንደሚሻገር ቀድሞ ማወቅ ያስፈልግ ነበር። ተመራማሪዎቹ ቀበሮዎቹን ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲከታተሏቸው ቆይተዋል።