ኢሚውኖቴራፒ አንጀት ሲያስቆጣ

ሆድ ሲበላሽ ብዙዎቻችን ቶሎ የምንጠረጥረው አሜባን ወይም ጃርዲያን ነው። ኢሚውኖቴራፒ፣ ማለትም የሰውነትን መከላከያ በካንሰር ላይ የሚያነሳሳ ሕክምና፣ የሚወስድ የካንሰር ታማሚ ግን ፋርማሲ ሄዶ ፍላጂል ከመግዛቱ በፊት ሐኪሙ ጋ ይደውል። ተቅማጡ ኮላይተስ፣ ማለትም ከመድኃኒቱ የመጣ የአንጀት መቆጣት ሊሆን ይችላል።

የመከላከያ ሴሎቻችን ያለ ልክ እንዳይሄዱ ፍሬን አላቸው። ካንሰር ይህን ፍሬን እያስያዘ ያመልጣል። ኢፒሊሙማብ፣ ኒቮሉማብና ፔምብሮሊዙማብ የተባሉት የኢሚውኖቴራፒ መድኃኒቶች ፍሬኑን ያስለቅቃሉ። ለዚህ ሕክምና መሠረት የጣሉት ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ እ.ኤ.አ. በ2018 ኖቤል ተሸልመዋል። ችግሩ፣ ፍሬናቸው የተለቀቀ ሴሎች ጤነኛውን አንጀትም መምታታቸው ነው። ኢፒሊሙማብ በዚህ ይብሳል፤ ከኒቮሉማብ ጋር ሲሰጥ ደግሞ የባሰ ነው። ኮላይተሱ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይጀምራል። ሕክምናው ካበቃ ከወራት በኋላ የመጣባቸውም አሉ።

ሐኪሙ ቁጥር ይጠይቃል፦ ከወትሮው በላይ በቀን ስንት ጊዜ? ከ4 በታች ቀላል፣ ከ4 እስከ 6 መካከለኛ፣ 7 እና ከዚያ በላይ ከባድ ነው። ደም፣ ትኩሳት ወይም ኃይለኛ ቁርጠት ካለ ግን ቁጥር መቁጠር ይቅርና ድንገተኛ ክፍል ይኬዳል፤ አንጀት ሊበሳ ይችላል። የሰገራ ምርመራም አይቀርም። አንዳንዴ እውነትም ጃርዲያ ነውና። ተቅማጥ የሚያቆመውን ሎፔራሚድ በራስ ውሳኔ መዋጥ ደግሞ ምልክቱን ይሸፍናል።

መካከለኛ ከሆነ ኢሚውኖቴራፒው ለጊዜው ይቆማል፤ ፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ (መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት)፣ አብዛኛውን ጊዜ በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 1 ሚሊግራም ገደማ ይጀመራል። ከባዱ ሆስፒታል ተኝቶ በደም ሥር ስቴሮይድ መውሰድን ይጠይቃል። ከ3 እስከ 5 ቀን ካልተሻለ ኢንፍሊክሲማብ ወይም ቬዶሊዙማብ የተባለ ሌላ መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት ይጨመራል።

እዚህ ላይ የት እንዳደግን ለውጥ ያመጣል። ኢንፍሊክሲማብ ተደብቆ የኖረ ቲቢንና ሄፓታይተስ ቢን ሊቀሰቅስ ስለሚችል አስቀድሞ ይመረመራል። ስትሮንጂሎይደስ የሚባል ትል አለ። ከአፈር በቆዳ ይገባና ድምፁን አጥፍቶ አሥርት ዓመታት ይኖራል። ስቴሮይድ ሲጀመር ግን በመላ ሰውነት ተሰራጭቶ ሊገድል ይችላል። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለ ሐኪም ይህን ትል ላያስበው ይችላል። «ያደግኩት ኢትዮጵያ ነው፣ በባዶ እግሬ ሄጃለሁ» ማለት ዋጋ ያለው መረጃ ነው።

ስቴሮይዱ ከ4 እስከ 6 ሳምንት እየተቀነሰ ነው የሚቆመው። ተሽሎኛል ተብሎ በአንዴ ሲቋረጥ ተቅማጡ ሊመለስ ይችላል። ከባድ ኮላይተስ ያመጣ ኢፒሊሙማብ አብዛኛውን ጊዜ ዳግም አይሰጥም። እነ ኒቮሉማብ ግን አንጀቱ ካገገመ በኋላ፣ በጥንቃቄ፣ ሊቀጥሉ ይችላሉ።