«ሳቅ ካለበት ደጅ በረከት ይመጣል»፦ የጃፓኖች አባባልና ትርጓሜው

ጃፓኖች «ዋራው ካዶ ኒ ዋ ፉኩ ኪታሩ» ይላሉ። ሳቅ ካለበት ደጅ በረከት ይመጣል ማለት ነው። ደጅ ሲሉ ቤተሰቡንም ጭምር ነው። ሳቅና ጨዋታ የማይጠፋበት ቤት ነገሩ ሁሉ ይቃናለታል ነው ሐሳቡ። ሥራው የተበላሸበትን ወይም ፈተና የወደቀ ልጅን ለማጽናናትም ይባላል። «አይዞህ፣ ፈገግ በል፣ ደጉ ቀን ይመጣል» እንደማለት።

እኔን የገረመኝ ቅደም ተከተሉ ነው። ሳቁ ይቀድማል፣ በረከቱ ይከተላል። አውሮፓውያን «መጨረሻ ላይ የሚስቅ እሱ ጥሩ ይስቃል» ሲሉ ሳቅን ለአሸናፊ ነው የሚሰጡት። የእኛው «ጥርስ ባዳ ነው» ደግሞ ሳቅን ጭራሽ አያምነውም። ሆድ እያረረም ጥርስ ይስቃላ! ጃፓኖቹ ግን በረከቱ እስኪመጣ አይጠብቁም፤ በሳቅ ይጠሩታል። ኮሪያዎችም ይህንኑ አባባል ያውቁታል። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1969 የተጀመረ አንድ ታዋቂ የቴሌቪዥን ቀልድ ዝግጅታቸው ስሙ «ከሳቁ በረከት ይመጣል» ነበር።

ሳቅ መልካም ነገርን ይጠራል የሚለው እምነት በጃፓን ጥንታዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ712 በተጻፈው «ኮጂኪ» በተባለ የአማልክትና የነገሥታት ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ታሪክ አለ። የፀሐይ አምላክ አማተራሱ በወንድሟ ጥፋት ደንግጣ ዋሻ ውስጥ ትገባና በሩን ትዘጋለች። ዓለም ይጨልማል። አማልክቱ ተሰብስበው መላ ይመታሉ። ጸሎት ይደረሳል፣ መስተዋት ይሰቀላል፣ ዶሮ እንዲጮህ ይደረጋል። በመጨረሻ አሜ ኖ ኡዙሜ የምትባል አምላክ የተገለበጠ ገንዳ ላይ ወጥታ እየረገጠች ትጨፍራለች፣ ልብሷም ይወልቃል። አማልክቱ በሳቅ ያወካሉ። አማተራሱ ግራ ይገባታል። እኔ ተደብቄ፣ ዓለም ጨልሞ፣ እነዚህ ምን ያስቃቸዋል? ገርበብ አድርጋ ስታይ ጎትተው ያወጧታል። አባባሉ ከዚህ ታሪክ ወጣ ማለቴ አይደለም። ግን የተዘጋ በር በሳቅ የሚከፈትበት አገር ውስጥ መወለዱ አይደንቅም።

ሕዝቡ አባባሉን በቃሉ የሚይዝበት አንዱ መንገድ ጨዋታ ነው። «ኢሮሃ ካሩታ» የሚባል የልጆች የካርታ ጨዋታ አለ፤ በየፊደሉ አንድ አባባል ይመደባል። በኪዮቶ በኩል በሚታወቀው ካርታ «ዋ» ላይ የተቀመጠው ይኸው ነው። በአዲስ ዓመት ደግሞ «ፉኩዋራይ» ይጫወታሉ። ዓይንህን ታስረህ፣ ባዶ የፊት ሥዕል ላይ አፍንጫና አፍ ትለጥፋለህ። አፍንጫው ጆሮ ጋ ሲሄድ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ዓመቱ በሳቅ ተጀመረ ማለት ነው።

ደጅ ካልን ማንዛይ የሚባለውን የጥንዶች ጨዋታ መዝለል አይቻልም። ድሮ በአዲስ ዓመት ጥንድ ተጫዋቾች በየደጁ እየዞሩ ይመርቁ ነበር። አንዱ ማራገቢያ ይዞ ምርቃቱን ያወርዳል፣ ሌላው ትንሽ ከበሮ እየመታ ያፌዛል። ባለቤቶቹም የእጃቸውን ሰጥተው ይሸኛሉ። ላሊበሎችን ጎህ ሳይቀድ ደጁ ላይ የሰማ ሰው ይህ አይጠፋውም፤ ልዩነቱ የጃፓኖቹ ምርቃት አጠገቡ ሁልጊዜ ቀልደኛ አለው።

ያ ጥንድ ዛሬም አልተለያየም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ኦሳካ ውስጥ ኤንታትሱና አቻኮ የተባሉ ሰዎች ሱፍ ለብሰው፣ እንደ ሁለት ጓደኛ እያወሩ ማሳቅ ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ማንዛይ ማለት ይህ ሆነ። አንደኛው «ቦኬ» ነው፤ የማይሆን ነገር ይናገራል። ሌላው «ትሱኮሚ» ነው፤ ያርመዋል፣ አንዳንዴም አናቱን ጠፍ ያደርገዋል። እንዲህ ዓይነት ነገር ነው፦

«ከነገ ጀምሮ ሲጋራ ላቆም ነው።»
«አንተ እኮ አታጨስም!»
«ለዚህ ነዋ የቀለለኝ።»

ደረጀንና ሀብቴን እያየ ላደገ ሰው ይህ ማብራሪያ አይፈልግም። የአሜሪካ ቀልደኛ ግን ብቻውን ነው የሚቆመው። ማይክ ይዞ ስለ ፍቺው፣ ስለ እናቱ፣ ስለ ፕሬዚዳንቱ ያወራል። የእኛም አዝማሪ በሰምና ወርቅ ጌታውን ወጋ ያደርጋል። የጃፓን ማንዛይ ብዙውን ጊዜ ሹም አይነካም። የሚያስቀው ከመስመር የወጣ ሰውና ወደ መስመር የሚመልሰው ጓደኛው ነው። «ጃፓኖች ቀልድ አያውቁም» የሚሉ የውጭ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን የሚፈልጉት የራሳቸውን ዓይነት ቀልድ ይመስለኛል። ከመስመር መውጣት ነውር በሆነበት አገር፣ ቦኬው ሁሉም በሆዱ የያዘውን ያወጣለታል።

ጥርጣሬው ከምንም አልመጣም፣ እሱንም ልናገር። ያው ሕዝብ «ወንድ በሦስት ዓመት አንዴ፣ ያውም በአንድ ጉንጩ» የሚል አባባል አለው። ሳሙራይ ጥርሱን አያሳይም ለማለት ነው። ሁለቱ አባባሎች ግን አይጣሉም። ሳቅ ቦታ አለው፤ ቤት፣ መጠጥ ቤት፣ ቲያትር ቤት። የቢሮ ስብሰባ ላይ ያልሳቀ ሰው ማታ ከመጠጡ ጋር ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።

ሳቅን እንደ ሥራ የያዙትም አሉ። ያማጉቺ ክፍለ ሀገር፣ ሆፉ ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1199 ጀምሮ የመጣ የሚባል የሳቅ ሥርዓት በየዲሴምበሩ ይደረጋል። ሰዎቹ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ቅጠል ይዘው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሦስት ጊዜ ይስቃሉ። የመጀመሪያው ለዘንድሮው አዝመራ ምስጋና ነው፣ ሁለተኛው ለመጪው ዓመት አዝመራ ልመና ነው፣ ሦስተኛው የዓመቱን ሐዘን ለመርሳት ነው። ሳቁ የለበጣ ከመሰለ አይቆጠርም፣ ከእንደገና ሳቁ ይባላሉ።